ስለ ሠራተኞች አቤቱታና ስለ ሰሚው

በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ጭነት በማውረድ የሚኖር ሠራተኛ፥ የወሩ ደመወዝ በተከፈለ ዕለት የትርፍ ሰዓቱ ሒሳብ ጎድሎ ቢያገኘው ወዴት ይሄዳል? ሰዓቱን የመዘገበው ካቦው ነው፤ ሰዓቱን የቀነሰውም ካቦው ነው፤ «ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ነገሩን በመጀመሪያ ለቅርብ አለቃው ያስታውቅ» የሚለው የውስጥ ደንብም የሚልከው ወደዚያው ወደ ካቦው ነው። ከካቦው በላይ ያለው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ደግሞ የሚያየው በካቦው እጅ የተጻፈውን መዝገብ ነው። ሠራተኛው እንግዲህ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ዝም ይላል፥ ወይ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። ዝም ቢል አለቆቹ «በእኛ ዘንድ ቅሬታ የለም» ብለው ለበላይ ያስታውቃሉ፤ ቢሄድም «ሠራተኛ አይበረክትልንም» ብለው ያዝናሉ። በሁለቱም በኩል የጎደለው ሒሳብ እንደ ጎደለ ይቀራል።

ይህን የመሰለ ነገር የአንድ ቤት የግል ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መሥሪያ ቤት የሚመሩ ሹማምንትና ሠራተኛ ቀጥረው የሚነግዱ ሰዎች ሁሉ ዘወትር የሚገናኙት ከዚሁ ጋራ ነው። ነገሩም ሲመረመር በሁለት ጥያቄ ይከፈላል። አንደኛው አቤቱታ የሚሰማበት ሥርዓት ፍርዱ ትክክል ነው ወይ የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው ሥርዓቱ በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ይቈጥሯቸዋል። ይሁን እንጂ ፍርዱ እጅግ የቀና ሆኖ ሳለ ከዓመት በኋላ የሚደርስ ሥርዓት አለ፤ በሦስት ቀን የሚጨርስ፥ ዳሩ ግን ሁልጊዜ ለአንድ ወገን የሚያደላም አለ። የፊተኛው ሕመምተኛው ከተቀበረ በኋላ መድኃኒት እንደ ማምጣት ነው፤ የኋለኛውም ሠራተኛው ያን ደጅ ሁለተኛ እንዳይረግጠው ያስተምረዋል።

በዚህ በአፍሪቃ ቀንድ አቤት ማለት አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ ያለፈውን መንገደኛ አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ ነገሩም ከዳኛ ወደ ዳኛ እየወጣ በይግባኝ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። ሙግቱ በሕዝብ ፊት ነው፤ ሁለቱም ወገን ቆመው ይናገራሉ፤ አድማጩም ዳኛውን ጭምር ይታዘበዋል። በዚያው አገር «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ደግሞ ከዚሁ ልማድ ጎን ለጎን ኖሯል። ዛሬ በየፋብሪካውና በየሱቁ ከሚታየው ችግር አንዱ የፊተኛው ልማድ በደጅ ቀርቶ የኋለኛው ተረት ብቻ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ባለ ሱቁ በሱቁ፥ የክፍሉ ሹም በክፍሉ፥ ካቦውም በመጋዘኑ እንደ ትንሽ ንጉሥ ይቈጠራል፤ በእርሱም ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ከአቤቱታነቱ ይልቅ ድፍረቱ ይታያል።

ሰሚ ያጣ አቤቱታ መጨረሻው ወዴት እንደሚሆን ለአሥመራና ለምጽዋ ሰው ሊነገረው አያስፈልግም። በፌዴሬሽኑ ዘመን፥ በ1950 ዓ.ም. (በ1958 እ.ኤ.አ.) የወጣው የሥራ ሕግ የሠራተኛ ማኅበራትን እጅ የሚያስር ሆኖ ስለ ታየ በሁለቱ ከተሞች አጠቃላይ የሥራ ማቆም ተደረገ፤ ፖሊስም በሰልፈኞቹ ላይ ተኰሰ፤ ሰዎችም ሞቱ። በዚያን ጊዜ የተጣሉበት ነገር የደመወዝ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ በማን አፍ ይናገር የሚለውም ነበር። በኢትዮጵያ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራን ውል ቢደነግግም፥ የሠራተኛ ማኅበርና የሥራ ክርክር የሚያይ ቦርድ ተደላድለው በሕግ የታወቁት በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 210 ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቍጥር የሥራውም ሕግ አብሮ ተለውጧል፤ በ1968፥ በ1985፥ በ1996፥ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ወጥቷል።

የአቤቱታን አካሄድ አሳጥረውና አጥርተው ከተናገሩት ጽሑፎች አንዱ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ በ1967 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ያጸደቀው 130ኛው የምክር ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ ምክር እንጂ መንግሥታትን የሚያስገድድ ውል አይደለም። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ማናቸውም ሠራተኛ ብቻውን ወይም ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው፤ በማቅረቡም ምንም ጉዳት ሊደርስበት አይገባም። ነገሩ እንደ ተለመደው ደንብ በመጀመሪያ ከቅርብ አለቃው ጋራ ይታይ፤ እዚያ ካልተፈጸመ ወደ በላይ ይውጣ። አካሄዱ ቀላልና ፈጣን ይሁን፤ የጊዜ ወሰንም ይደረግለት። ሠራተኛው ረዳት ወይም ወኪል ይዞ ይቅረብ፤ ለዚሁ ሲል ከሥራው የተለየበት ሰዓትም ከደመወዙ አይቀነስበት። በቤቱ ውስጥ ካልተስማሙ ከውጭ አስታራቂ፥ የግልግል ዳኛ ወይም የሥራ ፍርድ ቤት ይየው።

ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ሁለቱ ልዩ አስተያየት ይገባቸዋል። አንደኛው «እንደ ተለመደው ደንብ» የሚለው ነው። የጄኔቭ ሰዎች ይህን ያስገቡት ቅሬታው በራሱ በቅርብ አለቃው ላይ የሆነ እንደሆነ ሠራተኛው ሌላ በር እንዲያገኝ ለማስቻል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህች ትንሽ ሐረግ ወደ ኩባንያዎች የውስጥ ደንብ ስትተረጐም በቀላሉ ትወድቃለች፤ ከወደቀችም በኋላ «ይችላል» የነበረው «አለበት» ይሆናል። ሁለተኛው የሰዓቱ ደመወዝ ነገር ነው። ለወር ደመወዝተኛ አንድ ጧት በሠራተኛ አስተዳደር ደጅ መቆም ከድካም በቀር ምንም አያስከፍለውም። ለቀን ሠራተኛ ግን ያ ጧት የልጆቹ ምሳ ነው። አቤቱታ መስማት ነጻ ነው የሚል ኩባንያ በእርግጥ ነጻ መሆኑን ለማወቅ ከፈለገ፥ የቀን ሠራተኛው ቢሮ ሲጠብቅ ያለፈው ሰዓት በመዝገቡ ላይ እንዴት እንደ ተጻፈ ይመልከት።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ለነገሩ መልካም መሠረት ጥሏል። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በክርክር ተካፋይ በመሆኑ ምክንያት ቢሰናበት ስንብቱ ሕገ ወጥ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ሠራተኛው የሚያቀርበው ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው። የሥራ ክርክር ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን፥ ያልተስማማው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል፥ ይግባኝ ሰሚውም በ60 ቀን እንዲፈርድ ተደንግጓል። ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መመለሱ ችግር የሚያመጣ ሆኖ ከተገኘም፥ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ እንደሆነ፥ የ180 ቀን ደመወዝና የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ ይሰጠዋል። በአሠሪው ቤት ውስጥ ስለሚደረገው የመጀመሪያው ደረጃ ግን አዋጁ ዝርዝሩን ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል። ማኅበር በጠነከረበት ስፍራ ይህ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከጠባያቸው ጋራ የሚስማማውን ይመርጣሉ። ማኅበር በሌለበት ስፍራ ግን የኅብረት ስምምነት የለም፤ የሥራውንም ደንብ የሚጽፈው አሠሪው ነው።

የጊዜው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ማሰላሰል ይገባዋል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይቀርበታል፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም የስድስት ወር ወሰን አለው። ይህን ይርጋ የሚያቋርጠው ክርክሩን የመወሰን ወይም ሕጉን የማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት፥ ወይም አሠሪው ራሱ የጠያቂውን መብት በግልጽ ማመኑ ነው። ለአሠሪው ለራሱ ማመልከት ከእነዚህ መካከል አልተቈጠረም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚሆን ማየት አስቸጋሪ አይደለም። ሠራተኛው ይሰናበታል። መልካም ጠባይ ያለውና ጠብ የማይወድ ሰው ስለ ሆነ ወደ ፍርድ ቤት አይሮጥም፤ ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁም በትሕትና ተቀብለው «ኮሚቴው ያየዋል፥ ታገሥ» ይሉታል። ኮሚቴው በአንድ ወር አይሰበሰብም፤ በሁለተኛው ወር ተሰብስቦ ካቦውን ይጠይቃል፤ ካቦው ፈቃድ ላይ ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ «ጥያቄህን ልንቀበለው አልቻልንም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። በማግስቱ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ጊዜው አልፏል ይባላል። ጠበኛው ባልንጀራው ግን በተሰናበተ በሳምንቱ ከሶ ስለ ነበረ መብቱን ይዞ ይገኛል። እንግዲህ ሕጉ በዚህ በኩል የሚሸልመው ችኩሉን ነው፤ የሚቀጣውም የቤቱን ሥርዓት ያከበረውን ነው። አሠሪው ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው እንኳ፥ ዝግ ማለቱ ብቻ ይበቃል። ይህን ለማረም ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በጽሑፍ የቀረበ የውስጥ አቤቱታ መልስ እስኪያገኝ ድረስ፥ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፥ ይርጋው እንዳይቈጠር ማድረግ ይቻል ነበር። ሕጉ እስኪታረም ድረስ ግን ሠራተኛም የሠራተኛ ማኅበር ሹምም ማመልከቻውን ሲጽፍ የቀን መቍጠሪያውን በአጠገቡ ያኑር።

በዚያው በጊዜው ምዕራፍ ላይ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ከባድ ጥፋት ያጠፋን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት አሠሪው 30 የሥራ ቀን አለው፤ ይህም የሚቈጠረው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ሠራተኛው በበኩሉ በአሠሪው ጥፋት ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለመተው የተሰጠው 15 የሥራ ቀን ሲሆን፥ ይህ የሚቈጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቀረበት ቀን ጀምሮ ነው። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ በአሠሪ ወይም በሥራ መሪ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል ማስገባቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት ለእናቷ ለመናገር እንኳ ከ15 ቀን የበለጠ ሊያስፈልጋት ይችላል። ከሁለቱ ወገኖች ጠበቃና ጸሐፊ ያለው የበለጠ ጊዜ፥ ምንም የሌላት ደግሞ ያነሰ ጊዜ ተቀብላለች።

ወደ ኋላ የሚከፈለው ደመወዝም እንዲሁ ነው። ወደ ሥራው የሚመለስ ሠራተኛ ያለ ሥራ ለቆየበት ጊዜ የሚከፈለው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስድስት ወር፥ በይግባኝም ከአንድ ዓመት አይበልጥም። በሕጉ የተቈረጡት ቀኖች ቢጠበቁ ኖሮ ክርክሩ ሁሉ በአምስት ወር ስለሚያልቅ ይህ ወሰን ማንንም አይጎዳም ነበር። ቀኖቹ ካልተጠበቁ ግን ከወሰኑ ያለፈችው እያንዳንዷ ወር ለአሠሪው ያለ ዋጋ ትቈጠርለታለች፤ ሠራተኛውም ብቻውን ይሸከማታል። ቀጠሮ ማስረዘም እንዲህ በሚጠቅምበት ስፍራ ቀጠሮ የሚያስረዝም ሰው አይጠፋም።

ሕግ «አቤቱታ ያቀረበ አይጎዳ» ብሎ ስለ ጻፈ ብቻ አይጎዳም ማለት አይደለም። ዴቪድ ሉዊንና ሪቻርድ ፒተርሰን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ የአቤቱታ ሥርዓት በኅብረት ስምምነት በጸናባቸው አራት ድርጅቶች ያደረጉትን ምርመራ በ1988 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ አቤቱታ ያቀረቡትን ካላቀረቡት ጋራ ሲያስተያዩ፥ ያቀረቡት በአለቆቻቸው የሥራ ምዘና ዝቅ ብለው፥ በሹመት ወደ ኋላ ቀርተው፥ ከሥራም በብዛት ለቀው አገኟቸው። ከዚያ በፊት በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልነበረም። ደግሞም አቤቱታ የቀረበባቸው አለቆች ራሳቸው እንዲሁ ዝቅ ብለው ተገኙ። የኋለኛውን ነገር ካቦዎች ሁሉ በልባቸው ያውቁታል፤ ስለዚህም ነው ብዙ አለቃ አቤቱታውን ከመመርመር ይልቅ ወረቀቱ ከክፍሉ እንዳይወጣ የሚደክመው። ለበላይ አስተዳዳሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በክፍሉ አቤቱታ ስለ ተነሣ ብቻ አለቃን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ዲሬክተር አቤቱታን ከምንጩ እንዲደፍኑት ካቦዎቹን ያዛል ማለት ነው።

ሥርዓትን በግዴታ ብቻ ለማጽናት የሞከረችው አገር እንግሊዝ ናት። በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ሦስት ደረጃ ያለው አካሄድ በሕግ ታዘዘ፤ በጽሑፍ ማስታወቅ፥ ተገናኝቶ መነጋገር፥ ይግባኝ። ሠራተኛው አቤቱታውን በጽሑፍ ሰጥቶ 28 ቀን ካልጠበቀ ብዙውን ዓይነት ክስ ማቅረብ አይችልም ነበር። ሐሳቡ ሰዎች ከመካሰስ በፊት ይነጋገሩ የሚል መልካም ሐሳብ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አንድ ደብዳቤ «አቤቱታ» ሊባል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ራሱ የጠበቆች ሙግት ሆነ፤ በቃል ሊያልቅ የሚችለው ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ወደ ወረቀት ገባ። በ2007 እ.ኤ.አ. ማይክል ጊቦንስ በመንግሥት ታዘው ነገሩን መርምረው ሥርዓቱ እንዲሻር መከሩ፤ በሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. ተሻረ። በስፍራውም የአሠራር መመሪያ ተተካ፤ መመሪያውን ያለ በቂ ምክንያት የናቀ ወገን በካሣው ላይ እስከ 25 ከመቶ ሊጨመርበት ወይም ሊቀነስበት ይችላል። ይህ ብልሃት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በር ከመዝጋት ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁለቱንም ወገን ይነካል።

ያችው አገር ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ስሕተት ገባች። በ2013 እ.ኤ.አ. የሥራ ክርክር ለሚያቀርብ ሠራተኛ እስከ 1,200 ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ ተደረገበት። የክሱ ቍጥር ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰ ወደቀ። የመንግሥቱ ሰዎች የጠፉት ክሶች መሠረት የሌላቸው ናቸው ሊሉ ሞክረው ነበር። መሠረት የሌላቸው ቢሆኑ ኖሮ ግን ከቀሩት መካከል የሚያሸንፉት መጠን ከፍ ማለት በተገባው ነበር፤ ከፍ አላለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ክፍያውን ሕገ ወጥ ብሎ ሻረው። በኢትዮጵያ ሕግ የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነጻ መሆኑ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

አሁን ወደ ዳኛው ማንነት መመለስ ያስፈልጋል። ጄራልድ ለቨንታል የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1980 እ.ኤ.አ. ሰዎች አንድን አካሄድ ትክክል ነው የሚሉበትን ምክንያት ሲዘረዝር፥ ለሁሉ እኩል መሆኑን፥ አድልዎ አለመኖሩን፥ በእውነተኛ ማስረጃ መሠረት መወሰኑንና ስሕተት ሲገኝ ሊታረም መቻሉን ጠቅሷል። በዚህ መስክ የተደረጉ ምርመራዎች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፤ ሰው የተፈረደበት እንኳ ቢሆን ቃሉ እስከ መጨረሻው ከተሰማለትና ምክንያቱ ከተነገረው ፍርዱን ለመቀበል ይበልጥ ይዘጋጃል። ይህን የኬንያ ሕግ አውጪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. በሥራ ሕጋቸው ውስጥ አስገብተውታል፤ በጥፋት የሚሰናበት ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፥ አንድ ባልንጀራውን ወይም የማኅበር ወኪሉን በአጠገቡ አቁሞ ሊናገር ይገባዋል። «በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ቃል ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ወደብና ገበያ ከባድ ቃል ነው። ሠራተኛው ባላነበበው ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ላይ ሦስት ጊዜ ፈርሞ ሲገኝ፥ ፊርማው ወረቀት መቀበሉን እንጂ ጥፋቱን ማወቁን አያስረዳም።

ህንድ በ2010 እ.ኤ.አ. በሥራ ክርክር ሕጓ ላይ ባደረገችው ማሻሻያ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ሥራ ሁሉ የአቤቱታ ኮሚቴ እንዲቆም አዛ ነበር፤ ቍጥሩ ከስድስት የማይበልጥ፥ ግማሹ ከአሠሪው ግማሹ ከሠራተኛው የሆነ፥ ሊቀ መንበርነቱም በየዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚዛወር ነው፤ በ30 ቀንም ሥራውን እንዲፈጽም ታዟል። ግማሽ በግማሽ የሆነ ኮሚቴ በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ የሠራተኛውን ግማሽ ማን መረጠው የሚለው ጥያቄ ግን ይከተለዋል። ወኪሉ በሥራ አስኪያጁ ጣት የተመረጠ፥ ወይም የባለ ቤቱ አማች የሆነ እንደሆነ፥ ኮሚቴው አንድ ሰው በሁለት ወንበር ተቀምጦ ማለት ነው።

ለትንሹ ነጋዴ ግን ይህ ሁሉ አይሆነውም። አራት ሠራተኛ ያለው የጨርቅ ሱቅ ኮሚቴ ቢያቋቁም የሚሸጥ ሰው አይቀረውም። በሕጉም የሠራተኛ ማኅበር በአንድ ድርጅት ውስጥ የሚቋቋመው ሠራተኞቹ ከአሥር ያላነሱ ሲሆኑ ነው፤ ከዚያ የሚያንሱት ከሌሎች ድርጅቶች ባልንጀሮቻቸው ጋራ ተባብረው ጠቅላላ ማኅበር ማቆም ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ በየሱቁ ተበትነው ያሉ ሰዎች ይህን ማድረግ ቀላል አይሆንላቸውም። በእንዲህ ያለው ስፍራ የተለመደው ሽምግልና ነው። ሽምግልና ፈጣን ነው፥ ገንዘብ አይጠይቅም፥ ነውርንም በአደባባይ አያወጣም። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ሽማግሌው ሰላምን ከሒሳብ አስበልጦ ስለሚያይ «ተው ልጄ፥ እንጀራህን ያየህበት ቤት ነው» የሚለው ለደካማው ወገን ነው። ለባለ ሱቁ «ያስቀረኸውን ክፈል» የሚል ሽማግሌ ማግኘት ብዙ ጊዜ ይቸግራል። ሆኖም ሽማግሌው ከባለ ሱቁ ጋራ የማይበዳደር፥ ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ከሆነና የተስማሙበት ነገር በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ከነቀኑ ከተጻፈ፥ ለትንሽ ሱቅ ከዚህ የሚሻል ሥርዓት በቀላሉ አይገኝም።

ነጋዴው ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል ቢል መልስ አለው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ እያስቀጠሩ የተከታተሉትን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላ ከመቶ 77ቱ ሄዱ። በእርግጥ የሄዱት ሁሉ በአቤቱታ ሰሚ ማጣት ሄዱ አይባልም፤ የደመወዙ ማነስና የሥራው ክብደት፥ ለጤናም የሚያመጣው አደጋ አለበት። ነገር ግን እግር የሚናገረው አፍ ሊናገረው ያልቻለውን መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ለቆ የሄደ ሰው የጨርቁን አቆራረጥ፥ የማሽኑን ጠባይ፥ የደንበኛውን ስም ይዞት ይሄዳል፤ በስፍራው የሚገባው እንደ ገና ከሀ ይጀምራል። የሚያበላሸው ክር፥ የሚሰብረው መርፌ፥ ካቦው እርሱን በማስተማር የሚያጠፋው ቀን በመዝገብ ላይ «የአቤቱታ ወጪ» ተብሎ አይጻፍም እንጂ ወጪ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ባዶ መሆኑ እንደ መልካም ወሬ ይቈጠራል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሠራተኛውም ያውቀዋል። ሣጥኑ ከሹሙ ቢሮ በር ፊት ለፊት የተሰቀለ፥ ቍልፉም በሹሙ ጸሐፊ እጅ ያለ እንደሆነ ባዶነቱ ስለ ፍርሃት እንጂ ስለ ደስታ አይመሰክርም። አስተዳዳሪው ሊጠይቅ የሚገባው ስንት አቤቱታ ቀረበ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ከቀረቡት ስንቱ በስንት ቀን መልስ አገኘ፥ ስንቱ አለቃው ከወሰነው ተለውጦ ተወሰነ፥ ካመለከቱት ስንቱ ከዓመት በኋላ በሥራው ላይ አለ ብሎ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ የአለቃን ውሳኔ ለውጦ የማያውቅ ኮሚቴ ወይ አለቆቹ መላእክት ናቸው፥ ወይ ኮሚቴው ማኅተም ብቻ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በመጋዘን፥ በፋብሪካ፥ በሱቅና በቢሮ ስላሉት ነው። የአስተዳዳሪውንና የነጋዴውን ቡና አፍልታ የምታቀርበው የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም። በቤተ ሰብ ዘንድ ያለ ትርፍ የሚሰጥ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ወሰን ውጭ ተደርጓል። በቀይ ባሕር ማዶ በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎቹም የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱት እኅቶቿ ጉዳይ ብዙ ተወርቷል፤ በዚያ ሥርዓት የሠራተኛይቱ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ስለ ሆነ፥ ደመወዜ ቀረብኝ ብላ ከቤት ብትወጣ አሠሪዋ «ኰበለለች» ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል። ይህን ሲሰማ የማያዝን የለም። በአገር ቤት ያለችው ግን አቤቱታዋን የምታሰማው ለእመቤቲቱ ነው፤ እመቤቲቱም ካልሰሟት ላመጣት ደላላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስለ እነዚህ ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ብሎ ነበር። የ2011 ዓ.ም. አዋጅም ከ15 ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል ደግሞ ጻፈው። ደላላው በበኩሉ የድካሙን ዋጋ በተቀጠረችበት ቀን ተቀብሎ ሄዷል።